በአንድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ የፎቶዳዮድ ከረንት የሚለካ የሎጋሪዝም አምፕሊፋየር እንዴት ይሰራል?

ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይር ክፍል) የሚሰጠው ከረንት እንደ ብርሃኑ መጠን ከ1 ናኖአምፔር እስከ 1 ሚሊአምፔር ሊለያይ ይችላል። ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ይህን በተለመደው ባለ ሬዚስተር አምፕሊፋየር መለካት ከባድ ነው። 1 ሚሊአምፔር 4 ቮልት እንዲሰጥ 4 ኪሎኦም ብታስገቡ፣ ከ1 ናኖአምፔር የምታገኙት 4 ማይክሮቮልት ነው። እሱን ደግሞ የኦፕአምፑ (የአምፕሊፋየሩ ዋና ቺፕ) ኦፍሴት፣ ማለትም የራሱ ትንሽ የቮልት ስህተት፣ ይውጠዋል። የሎጋሪዝም አምፕሊፋየር ግን በሬዚስተሩ ቦታ ትራንዚስተር ስለሚጠቀም ከረንቱ 10 እጥፍ ባደገ ቁጥር እኩል ቮልት ይጨምራል፣ ሁሉም በአንድ ስኬል ይገባል። እኛ የምንሰራው በ5 ቮልት ነው።

1. የከረንቱን አቅጣጫ ወስኑ

ሥራው የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ሰርኪዩት ከረንቱ ወደ ኦፕአምፑ ኔጌቲቭ መግቢያ ይገባል፣ ትራንዚስተሩም ኤንፒኤን የሚባለው ዓይነት ነው። ያኔ ውጤቱ (የኦፕአምፑ መውጫ ቮልት) ከግራውንድ በታች ወደ 0.6 ቮልት ገደማ መውረድ አለበት። ኔጌቲቭ ሰፕላይ ከሌለ ግን የሚወርድበት ቦታ የለውም፣ ግራውንድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንዳንዱ ኔጌቲቭ ቮልት የሚያመነጭ ቺፕ ይጨምራል። እኔ አልመክርም። የቺፑ ኖይዝ ናኖአምፔር በምትለኩበት ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው።

ይልቅ ፎቶዳዮዱን ገልብጡት። ካቶዱ ከኔጌቲቭ መግቢያው፣ አኖዱ ከግራውንድ ይገናኝ። አሁን ከረንቱ ከመግቢያው እየወጣ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ትራንዚስተሩን ተቃራኒው ዓይነት፣ ፒኤንፒ፣ አድርጉት፤ ኮሌክተሩ ወደ ኔጌቲቭ መግቢያው፣ ኤሚተሩ በ1 ኪሎኦም በኩል ወደ ኦፕአምፑ ውጤት። ቤዙና ፖዘቲቭ መግቢያው አንድ ላይ ከጸና 0.5 ቮልት ይገናኙ። ይህች 0.5 ቮልት ፎቶዳዮዱን በመጠኑ ሪቨርስ ባያስ ታደርጋለች (በተቃራኒ አቅጣጫ ቮልት ትሰጠዋለች)፣ ኦፕአምፑም ከግራውንድ ራቅ ብሎ ይሰራል። ኤሚተሩ ላይ በግምት ከ0.8 እስከ 1.2 ቮልት ታያላችሁ። ሁሉም ከግራውንድ በላይ ነው።

2. ኦፕአምፑን ምረጡ

መግቢያው ጥቂት ፒኮአምፔር ብቻ የሚስብ፣ ሲሞስ የሚባለው ዓይነት ኦፕአምፕ ይሁን። ኤልኤም358 ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። የራሱ የመግቢያ ከረንት በአስር ናኖአምፔሮች የሚቆጠር ስለሆነ የምትፈልጉትን 1 ናኖአምፔር ይሸፍነዋል። ብሬድቦርድም (ክፍሎች ሳይበየዱ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ተዉት። የመግቢያውን ነጥብ አጭር አድርጋችሁ በይዱ፣ ፍላክሱን (የብየዳ ቅባቱን ቅሪት) በአልኮል እጠቡ።

3. እንዳይወዛወዝ አድርጉ

ከኦፕአምፑ ውጤት ወደ ኔጌቲቭ መግቢያው 100 ፒኮፋራድ አስገቡ። ካፓሲተሩና 1 ኪሎኦሙ ከሌሉ ብርሃኑ ሲበረታ ሰርኪዩቱ ሊወዛወዝ ይችላል። ጉዳት ግን አለው፦ በ1 ናኖአምፔር ትራንዚስተሩ እንደ 26 ሜጋኦም ስለሚሆን ምላሹ ወደ 2.6 ሚሊሰከንድ ይዘገያል።

4. ሙቀቱን አስተካክሉ

ከረንቱ 10 እጥፍ ሲያድግ የሚጨምረው 60 ሚሊቮልት ያህል ነው። በአንጻሩ የትራንዚስተሩ ቮልት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። የ10 ዲግሪ ለውጥ ንባቡን እጥፍ ያህል ያዛባል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉ መንትያ ፒኤንፒዎችን ግዙ። በሁለተኛው ያንኑ ሰርኪዩት ድገሙት፣ በፎቶዳዮዱ ቦታ ግን 500 ኪሎኦም አድርጉ። 0.5 ቮልት በ500 ኪሎኦም 1 ማይክሮአምፔር ነው፤ ማነጻጸሪያችሁ እሱ ይሆናል።

የሁለቱን ኤሚተሮች ልዩነት 8.4 ጊዜ አሳድጉና 2.5 ቮልት ጨምሩበት። 1 ናኖአምፔር 1 ቮልት፣ 1 ማይክሮአምፔር 2.5 ቮልት፣ 1 ሚሊአምፔር 4 ቮልት ይሰጣል። በዲግሪ 0.3 ፐርሰንት ገደማ የሚሆን የስኬል ለውጥ ግን ይቀራል። በሙቀት እሴቱ በሚጨምር ልዩ ሬዚስተር ማረም ይቻላል፤ እኔ ሙቀቱን ለክቶ በሶፍትዌር ማረሙን እመርጣለሁ።

5. ካሊብሬት አድርጉ

ፎቶዳዮዱን አንሱና በቦታው የታወቀ ሬዚስተር አስገቡ። 5 ኪሎኦም 100 ማይክሮአምፔር፣ 5 ሜጋኦም 100 ናኖአምፔር ይስባል። በሁለቱ ነጥቦች መስመሩን አውጡ።

ጨለማ ውስጥ የምታዩትን ቁጥር አትመኑ። የዜሮ ሎጋሪዝም የለም፤ የምታነቡት የሊኬጅ (ሾልኮ የሚያልፍ) ከረንቱን ነው። ከ1 ቮልት በታች የሆነውን ሁሉ ሶፍትዌራችሁ «ከልኬት በታች» ብሎ ይመዝግበው።