ለአዲስ አበባ ዘመዶቼ የምነግራቸው የጅማ ቅዳሜና እሑድ

ሥራዬ ጅማ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ዘመዶቼ ግን አስጎብኚ አድርገውኛል። በዓመት ሦስት አራቴ ስልኬ ይጮሃል፤ «ቅዳሜና እሑድን ልንመጣ ነው፣ ምን እንይ? የት እንብላ?» ያንኑ መልስ ደጋግሜ ስለሰለቸኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከእንግዲህ ለሚደውል ሁሉ ይህን ነው የምልከው።

አንደኛ ነገር፣ የቦታ ዝርዝር ይዛችሁ አትምጡ፤ ሰዓት ይዛችሁ ኑ። ጅማ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ከተማ ናት። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ኮረብታው ሁሉ ቅርብ ይመስላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲያልፍ ደመናው ይሰበሰብና፣ በተለይ በዝናብ ወራት፣ ሳያስጠነቅቅ ይለቀዋል። ስለዚህ የሚታየው ሁሉ ከምሳ በፊት፣ የሚበላውና የሚጠጣው ደግሞ ከምሳ ወዲህ ይሁን። ይህን ብቻ ከያዛችሁ የቀረውን ባታነቡም አልቀየምም።

መቼ ይመጣል? ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ብትመጡ ይሻላል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ቡናውም የሚለቀመው ያኔ ስለሆነ ከከተማ ትንሽ ወጣ ስትሉ ቀዩ ፍሬ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ ታያላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ የምትመጡ ከሆነ ጃንጥላ ሳይሆን የዝናብ ጃኬት ያዙ። እዚህ ነፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል። ሌላው ወጥመድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ሰሞን ነው። አንድ ዓመት የአክስቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ሳይደውል በዚያው ሳምንት መጣ። አልጋ የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ ጠፋ። ስድስት ሰው እኔ ሳሎን ተደርድሮ አደረ፣ እኔም ኩሽና ውስጥ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት «ምረቃ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አልጋውንም ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያዙ።

አመጣጡ ሁለት ዓይነት ነው። በአውሮፕላን ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ለከተማው ቅርብ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው የምመክረው ይህን ነው። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቀኑን ይበላል። አርብ ጎህ ሲቀድ ካልተነሳችሁ አትሞክሩት፤ የማታ ጉዞን ጨርሶ እርሱት። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁም መንገዱ እንዴት እንደሆነ በቅርብ የመጣ ሹፌር ጠይቁ።

የመኪናው መንገድ ግን የራሱ ሲሳይ አለው። ወሊሶን አልፋችሁ ወልቂጤ ስትደርሱ ያላችሁት ጉራጌ አገር፣ የክትፎ ቤቱ ውስጥ ነው። እዚያ ሳይበሉ ማለፍ ሐጢአት ነው፣ አርብ ጾመኛ ካልሆናችሁ በቀር። ክትፎውን ለብ ለብ አስደርጉት፤ ጥሬውን የምትወዱም ብትሆኑ ከፊታችሁ የግማሽ ቀን መንገድ እንዳለ አትርሱ። ከቆጮው፣ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር በልታችሁ ተነሱ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፣ ጃኬት ለብሶ የነበረ ሁሉ ያወልቃል፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ደግሞ ሽቅብ ትወጣላችሁ። መኪና የሚያመው ሰው ካለ ክትፎውን ይቀንስ፣ መድኃኒቱንም ከመውረዱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይዋጥ። ይህን እንኳ በሙያዬ ነው የምናገረው። አጎበር የሌለው አልጋም አትቀበሉ። ጅማ ደጋ አይደለችም፣ ወባ አለ።

አርብ ማታ ምንም አታቅዱ። ደክሟችኋል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ዞር ዞር በሉ፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረበት ዘመን የተሠሩትን አሮጌ ቤቶች እዩ፣ አቮካዶ የበዛበት እስፕሪስ ጠጡና ተኙ። አቮካዶ እዚህ ከጓሮ የሚመጣ ነው፤ ማንኪያው ጭማቂው ውስጥ ካልቆመ አልተሠራም።

ቅዳሜ ጠዋት ጅሬን ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም። የሞቲ (የንጉሥ) አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሐል ከተማ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። ባጃጅ ያዙ፤ ደርሶ መልስ ተዋዋሉ፣ እየጠበቃችሁ እንዲቆይም ዋጋውን ሳትሳፈሩ ቁረጡ። እላይ ሆኖ ሌላ ባጃጅ መጠበቅ ዕድል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሱ ይበቃል። የአክስቴ ልጅ ሚስት ነጭ ጫማ አድርጋ ከሰዓት በ9 ሰዓት ካልወጣን ብላ አስወጣችን። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘን። የጅሬን ቀይ ጭቃ ከዚያ ጫማ ላይ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ እሷም እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ቤተ መንግሥቱን ለማየት ታሪኩን ትንሽ ይዞ መውጣት ደግ ነው፣ አለዚያ «የእንጨት ፎቅ» ብላችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ትወርዳላችሁ። የጅማን መንግሥት የመሠረተው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ሲሆን ይህ የምታዩት የወንድሙ የልጅ ልጅ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዝቷል፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ። ስሙ እንደ አባ ታጠቅና አባ ዳኘው ሁሉ የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ምኒልክ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመጡ እንደ ጎረቤቶቹ ጦር አልመዘዘም፣ ግብር ሊገብር ተስማማ፤ ምክሩ የእናቱ የጌኔ ጉሚቲ ነበር ይላሉ አዛውንቶቹ። በዚህ የተነሳ ጅማ ሳትቃጠል ቀረች፣ የውስጥ አስተዳደሯንም ለብዙ ዓመት ይዛ ቆየች፣ ነጋዴውም ጎረፈ። ሰገነቱ ላይ ቆማችሁ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ ይህን አስቡት። እንጨቱን በእጃችሁ አትንኩ፣ ቅርጻ ቅርጹን ግን ተጠግታችሁ እዩት፤ በምስማር ብቻ የተያዘ ሥራ አይደለም። አጠገቡ ያለው መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ሻሽ ያዙ፤ ሰው እየሰገደ ካሜራ አይነሳም።

ስትወርዱ የጅማ ሙዚየም አለ፤ የአባ ጅፋር የግል ዕቃዎች እዚያ ናቸው። ጅሬንን ካዩ በኋላ ማየቱ ነው የሚጥመው፣ ቤቱን አይታችሁ ዕቃውን ታዩታላችሁና። ግን ከምሳ ሰዓት በፊት ድረሱ። ቅዳሜ ክፍት መሆኑንም ለሆቴላችሁ እንግዳ ተቀባይ ነግራችሁ አስደውሉ። በር ላይ ደርሶ ቁልፍ ያዡን መፈለግ የቅዳሜ ሥራ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ምሳ። ጅማ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ከክርስቲያን ጓደኛ ጋር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሥጋውን ነው። ልኳንዳ ቤት በሩ ላይ ምልክቱን እዩ፣ ካልታየ ጠይቁ፤ ማንም አይከፋም። ሁለቱም አብረው ከአንድ ትሪ እንዲበሉ ከፈለጋችሁ ዓሣ እዘዙ። ከግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሚመጣ ቆሮሶ አለ፤ ሙሉውን ጠብሰው በአዋዜና በሎሚ ሲያቀርቡት ክርክሩ ያልቃል። ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ በያይነቱ አይጠፋም። በረመዳን ከመጣችሁ ቀን ላይ ብዙ ቤት ዝግ ነው፤ ማታ ግን ከተማዋ ትነሳለች፤ ሳምቡሳው በየደጃፉ ይጠበሳል፣ ቴምርና ሾርባ ይቀርባል። እንዲያውም በረመዳን መምጣት የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ እናቴ ግን በዚህ አትስማማም።

አንድ ነገር ከራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። አሥር ሆነን አንድ ቤት ገባን፣ ስሙን አልጠራም፤ አሥራችንም አሥር ዓይነት አዘዝን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ። 9 ሰዓት ተኩል ድረስ ውኃና ዳቦ ስንበላ ቆየን። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ፦ ብዙ ሆናችሁ ስትመጡ ሁለት ዓይነት ብቻ በትሪ እዘዙ፤ ጠዋት ወደ ጅሬን ስትሄዱ በዚያው ቆማችሁ ወይ ደውላችሁ ለስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሩ። ባለቤቷ ያኔ ገበያ ትወጣለች፣ ሥጋውም ትኩስ ይሆናል።

ከምሳ በኋላ ዝናብ ከመጣ ቡና ነው። ሆቴል ውስጥ በማሽን አትጠጡ፣ እባካችሁ፤ የቡና አገር መጥታችሁ። ቄጠማ የተነሰነሰበት፣ ዕጣን የሚጨስበት የጀበና ቡና ቤት ግቡ፣ ሴትየዋ እየቆላች ጭሱን ስታዞርላችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ወደ አፍንጫ ሳቡ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሳትነሱ ተቀመጡ። የገጠር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ቡና ቀላ እንዲቀምስ እመክራለሁ፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ ይበላል። ሆቴል አይሸጡትም፣ የምርቃት ምግብ ነው፣ ቤት ስትጋበዙ ብቻ ነው የምታገኙት። የሰጧችሁን ተቀብላችሁ «ገለቶማ» (እናመሰግናለን) በሉ፣ ቋንቋው ባይገባችሁም ይህች አንዷ ቃል ፊት ታበራለች።

ጊዜ ከተረፈ የጅማው መርካቶ። የጅማ ታላቁ ገበያ የሒርማታ የሐሙስ ገበያ ነው፤ ሐሙስ ደርሳችሁ ማደር ከቻላችሁ አትለፉት። ቅዳሜ ለሆነባችሁ መርካቶ ኮረሪማ ግዙ። ከዚህ ጫካ የሚለቀም ነው፣ በገመድ ተሰክቶ ይሸጣል። ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ አንቀጥቅጡት፤ ፍሬው የሚንኮሻኮሽ ጥሩ ደርቋል። ከዚያ አንዱን ፈልቅቃችሁ አሽትቱት፤ ሽታው ደካማ ከሆነ ያረጀ ነው፣ ቀጥሉ። ማርም አለ፣ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላውን ፀሐይ ላይ የዋለ ማር አልገዛም።

እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ ቦዬ ረግረግ ሂዱ፣ ከከተማው ዳር ነው። ወፎቹን ለማየት የሚመቸው ጠዋት ብቻ ነው፤ አክሊል የመሰለ ላባ ራሱ ላይ የደፋውን ትልቁን ወፍ ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ጉማሬም አለ፣ ሁልጊዜ አይወጣም። ውኃው ዳር ግን አትጠጉ፤ ልጆች ካላችሁ እጃቸውን ያዙ፣ ጉማሬ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል እንጂ ሰው ይገድላል። ከዚያ ተመልሳችሁ ጨጨብሳ በማርና በቅቤ ብሉ። ባጃጁ ሹፌር የአባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. ሊጉን የወሰደበትን ዓመት ካነሳላችሁ ረጅም ወሬ ነው፣ በትዕግሥት ስሙት።

ጮጬስ? የቡና መገኛ የሚባለው የጎማ ቀበሌ ነው፣ በአጋሮ በኩል። አጋሮ ብቻ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከጅሬን ጋር ካላጣበቅነው ብሎ የሚለምነኝ ሁሌ አለ። እምቢ እላለሁ። ሦስተኛ ቀን ካላችሁ እሺ፣ መኪናም ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ አለዚያ እሑዳችሁን መኪና ውስጥ አሳልፋችሁ ጅማን ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መግዛት የፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ይግዛ፣ እሑድ ጥድፊያ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ መሆኑን ገልብጣችሁ እዩ፤ እግሩ ላይ ሙጫ ካለ ተዉት። እንጨቱ በደንብ ካልደረቀ አዲስ አበባ ገብቶ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ክብደቱን እያነሳችሁ አወዳድሩ፤ እርጥቡ ይከብዳል። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ወደ ዕቃ ክፍል ይገባል፣ በጋቢ ጠቅልሉት። የአክስቴ ልጅ ይህን ሳይሰማ ትልቁን ገዝቶ፣ መኪናው ሞልቶ ነበርና፣ እስከ ወልቂጤ ድረስ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሄደ። ክትፎውንም እሱ ላይ ተቀምጦ በላ።