በየሳምንቱ የግጥም ስላምና ክፍት ማይክ በባር ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ አበባ ውስጥ የግጥም ምሽት ብርቅ አይደለም። ግጥምን ከጃዝ ጋር የሚያቀርቡ መድረኮች ራስ ሆቴልን የመሰሉ አዳራሾችን ለዓመታት ሲሞሉ አይተናል። ግን አብዛኞቹ ወርኃዊ ናቸው። የሚጋበዙትም ስም ያላቸው ገጣሚዎች ናቸው። ጀማሪው የት ሄዶ ይሞክር? ለእሱ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ የሚከፈት፣ ማንም ተመዝግቦ የሚያነብበት ማይክ ነው። ዛሬ ባይሳካለት የሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚሞክርበት።

ስላም የሚባለው፣ ሰሚው ራሱ ለገጣሚዎች ነጥብ የሚሰጥበት ውድድር የተወለደው ባር ውስጥ ነው። ማርክ ስሚዝ የሚባል የግንባታ ሠራተኛ የነበረ ገጣሚ በፈረንጆቹ 1986 ቺካጎ በሚገኘው ግሪን ሚል የጃዝ ባር እሑድ እሑድ ማታ ጀመረው። ገጣሚ ለገጣሚ ብቻ የሚያነብበት ምሽት ስላልጣመው ዳኝነቱን ለጠጪው ሰጠ። እኛ ዘንድም ቢሆን ግጥምና መጠጥ ቤት የቆየ ትውውቅ አላቸው። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» እያለ ስንኝ የሚሰጠው ሰው ማይክ ባይዝም መድረኩ የእሱም ነው። ግጥም ማወዳደርም አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በኮሌጅ ቀን፣ ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት በግጥም ይወዳደሩ ነበር።

ስለዚህ ከባዶ አትነሱም። ሥራው ግን አለ።

ቤትና ቀን

ቀኑን ከቤቱ በፊት ምረጡ። ማክሰኞና ረቡዕ የሻምፒዮንስ ሊግ ነው፤ ከኳስ ጋር አትታገሉ። ዓርብና ቅዳሜ ባለቤቱ የእናንተን ግጥም አይፈልግም፤ ቤቱ ያለ እናንተም ይሞላል። እኔ ሰኞን እመርጣለሁ። ሰኞ ማታ ባር ባዶ ነው፣ ባለቤቱም ይህን ያውቃል፤ ወሬው ቶሎ ያልቃል።

ቤቱ ትንሽ ይሁን። አርባ ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ቤት መቶ ሰው ከሚይዝ ሰፊ ቤት ይሻላል። ሃያ ሰው ቢመጣ እንኳ ትንሹ ቤት ሞልቶ ይታያል፤ ገጣሚውም የሰሚውን ፊት ያያል። በረንዳ ላይ ብቻ የሚስተናገድ ቤት ግን ይቅርባችሁ። የመንገዱ ጥሩንባ ግጥም አያስጨርስም።

ከባለቤቱ ጋር ስትነጋገሩ የኪራይ ወሬ አታንሱ። የምታመጡለት ሰው ነው፤ እሱ ድራፍቱን ይሸጣል። በምትኩ ሦስት ነገር አስፈቅዱ። አንደኛ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ ምስሉ ራሱ ዓይን ይሰርቃል። ሁለተኛ፣ ግጥም በሚነበብበት ሰዓት የጁስ ማሽኑና የቡና መፍጫው ይረፉ። ሦስተኛ፣ አስተናጋጆች ትእዛዝ የሚቀበሉት በሁለት ግጥሞች መሃል ይሁን። ይህን ሦስተኛውን ለባለቤቱ ብቻ ነግራችሁ እንዳትተዉት። ከአስተናጋጆቹ ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ፣ ስማቸውን እወቁ። ምሽቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ቢያንስ ለሁለት ወር ተስማሙ። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ቢቀንስ «ይቅር» የማይል ባለቤት ካላገኛችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ድምፅ

አንድ ማይክ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ የማይክ መቆሚያ ይበቃል። ማይኩ ባለገመድ ይሁን። ርካሽ ገመድ አልባ ማይክ ባትሪው የሚያልቀው ሁልጊዜ ግጥሙ መሃል ነው። ሹር ኤስኤም 58 ወይም እሱን የመሰለ ጠንካራ ማይክ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። ስፒከሩን ከማይኩ ፊት፣ ወደ ሰሚው አዙራችሁ፣ አስቀምጡት። ከማይኩ ኋላ ከሆነ ድምፁ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባና ያ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይነሳል።

ጀማሪ ገጣሚ ሁለት ነገር ያደርጋል። የማይኩን ጭንቅላት በእጁ ይሸፍናል፣ ወይም ማይኩን አፉ ላይ ይለጥፈዋል። በእጅ ሲሸፈን ድምፁ ይታፈናል፣ ፉጨቱም ይመጣል። አፍ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ «ፐ»ና «በ» ስፒከሩ ላይ ይፈነዳሉ። ከአፍ አንድ ጡጫ ያህል ይራቅ። ይህን ከመድረክ በፊት ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አሳዩት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከስልክ የሚያነብ ካለ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርግ። መሃል ላይ ጥሪ ሲገባ ስክሪኑ ይቀየራል፣ ስንኙም ይጠፋል። ወረቀት ይሻላል፣ በቃል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ሰዓቱ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ምዝገባ፣ 12:30 መጀመር። መጀመሪያ ክፍት ማይኩ፣ ቀጥሎ አንድ ተጋባዥ ገጣሚ፣ በመጨረሻ ስላሙ። ግሪን ሚልም በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ክፍት ማይኩ ላይ 12 ሰው ብቻ መዝግቡ፤ ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ብትይዙለት 1:20 አካባቢ ያልቃል። ተጋባዡ 20 ደቂቃ፣ ዕረፍት 10 ደቂቃ። ለስላሙ ስምንት ተወዳዳሪ ያዙ፤ በመጀመሪያው ዙር ስምንቱም፣ በሁለተኛው አራቱ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ይቀርባሉ። በድምሩ 14 ግጥም ነው። ከነነጥቡ አምስት አምስት ደቂቃ ቢወስድ 70 ደቂቃ ይሆናል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ያልቃል።

ከዚያ አታሳልፉት። ታክሲ ሳይጠፋ ሰው ቤቱ መግባት አለበት። ምሽቱ ሲረዝም ቀድመው መምጣት የሚያቆሙት ሴት ገጣሚዎች ናቸው፤ ይህን በተለያዩ ቤቶች ደጋግሜ አይቻለሁ። የስም ዝርዝሩን ቅደም ተከተል ደግሞ በዕጣ አውጡ። ወዳጅን ምቹ ሰዓት ላይ መሰካት ቶሎ ይታወቃል።

ዳኞቹ

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን።

ደንቡ በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ከሰሚው መካከል አምስት ዳኛ ይመረጣል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ እኩል እንዳይወጣ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ይጨመራል። ትልቁና ትንሹ ይጣላሉ፣ የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። ለምሳሌ 7.2፣ 8.0፣ 8.3፣ 8.5 እና 9.8 ቢሰጡ፣ 7.2 እና 9.8 ይወጡና 24.8 ይሆናል። ከፍተኛው 30 ነው።

ችግሩ ይሉኝታችን ነው። እፊቱ ለቆመ ሰው 4 የሚሰጥ ሐበሻ የለም። ሁሉም 9 ይሰጣል። ሁሉም 9 ሲሰጥ ውድድሩ ይሞታል፤ ከውድድሩም በላይ የገጣሚው መማሪያ ይሞታል። ሌላው ችግር ትውውቅ ነው። አንድ ምሽት ላይ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ የአንድ ተወዳዳሪ የሰፈር ልጆች ሆነው ተገኙ። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ከፊት ስለተቀመጡ ብቻ ነው የተመረጡት። በሦስተኛው ግጥም ላይ ቤቱ በሙሉ ገባው። ጉርምርምታው ጀመረ፣ ያ ልጅ ደግሞ በእውነት ጎበዝ ነበር፤ ያገኘው ድል ግን አልጣመውም። ከዚያ በኋላ ለመወዳደር አልተመዘገበም።

ለዚህ የሚሠራው መፍትሔ ይህ ነው። ዳኛውን ሰው ሳይሆን ጠረጴዛ አድርጉ። አምስት ጠረጴዛ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ተመካክሮ አንድ ነጥብ ይስጥ። ነጥቡ የማንም ስላልሆነ ይሉኝታው ይቀንሳል። ደግሞም ቢራ የያዙ አራት ሰዎች ስለ አንድ ስንኝ ሲከራከሩ ማየት የምሽቱ ግማሽ ደስታ ነው። ጠረጴዛዎቹን ስትመርጡ አስተናጋጆቹን ጠይቁ። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ የትኛው ጠረጴዛ ለገጣሚው ቢራ እንደላከ፣ የትኛው ከመጠን በላይ እንደጠጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀደም ብዬ እወቋቸው ያልኩት ለዚህ ነው።

ነጥቡን በትልቁ ካርቶን ላይ ያስጽፉ። መድረክ መሪው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል አምስቱም በአንድ ጊዜ ያንሱ። ተራ በተራ ከሆነ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ ይጽፋል።

ከሁሉም በፊት የማይወዳደር አንድ ገጣሚ ወደ መድረክ ላኩ። ለእሱ የሚሰጠው ነጥብ አይቆጠርም፤ ዳኞቹ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው መድረክ መሪው «ለዚህ 9 ከሰጣችሁ ለሚበልጠው ምን ልትሰጡ ነው?» ብሎ ሚዛኑን የሚያስተካክለው። ይህን ደረጃ ሰዓት ለመቆጠብ ብላችሁ አትዝለሉት። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ይበደላል።

ቺካጎ ላይ ሰሚው ገጣሚውን በጩኸት ማቋረጥ ይችላል። እዚህ እንዲገባ አልመክርም። ጀማሪን የሚገፋ ነገር ነው። የኛ ሰው ዝም ሲል ራሱ በቂ ነው።

«ይደገም!»

በስላም ደንብ አንድ ግጥም 3 ደቂቃ አለው፤ 10 ሰከንድ ይታለፍለታል። ከዚያ በላይ በየ10 ሰከንዱ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል። ልብስ መቀያየር፣ ዕቃ መያዝ፣ ሙዚቃ ማጀብ ክልክል ነው። ግጥሙ የራስ መሆን አለበት። እነዚህን እንዳሉ ውሰዷቸው።

ሰዓቱን ግን እንዳለ ከወሰዳችሁ የአማርኛ ግጥም ላይ ትጋጫላችሁ። ስንኝ ሲመታ ቤቱ «ይደገም!» ይላል። ገጣሚውም ይደግማል። ይህ ጭብጨባ ብቻ አይደለም፤ የማዳመጫ ስልት ነው። እንዲህ የሚል ስንኝ ተነበበ እንበል፦

ጥዬው የሄድኩት ያ አሮጌው ጫማዬ፣
ቆይቶ ጠበቀኝ ስገባ ከቀዬ።

መጀመሪያ ሲሰማ እግር የማያስገባ ጠባብ ጫማ ነው። ሰው ፈገግ ይላል። ሲደገም ግን ከስደት ለተመለሰው ሰው ቤት ቆሞ የጠበቀው ጫማው ብቻ እንደሆነ ይሰማል፤ ፈገግታው ይጠፋል። ሰሙ በመጀመሪያው፣ ወርቁ በሁለተኛው። ሰዓት ያዡ ያንን ድጋሚ እየቆጠረ ነጥብ ቢቀንስ፣ ገጣሚው ጥሩ ስንኝ ስለጻፈ ተቀጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰዓት ያዡ «ይደገም» ሲባል ሰዓቱን ያቁም፤ ድጋሚው ሲያልቅ ያስቀጥል። ለአንድ ግጥም ግን አንድ ድጋሚ ብቻ ይፈቀድ። ካልሆነ ጓደኞች በየስንኙ እየጮሁ ሰዓት ይገዙለታል። ጥሪው ከአንድ ጠረጴዛ ብቻ ከመጣም አይቆጠርም፤ ቤቱ ሲጠይቅ ነው። ይህን የሚወስነው መድረክ መሪው ነው። የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል፤ የሚይዘው ሰው ግን ከተወዳዳሪዎቹ ጋር የማይቀራረብ፣ ፊቱን የማያላላ ይሁን።

የቀሩት

ቀረጻን በተመለከተ ገጣሚው ሳይፈቅድ ማንም እንዳይቀርጽ በመግቢያው ላይ ተናገሩ። የመጀመሪያ ግጥሙን እየተንቀጠቀጠ ያነበበ ልጅ በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ራሱን ካየ አይመለስም።

ክፍት ማይኩ ላይ በማንኛውም ቋንቋ ይነበብ። በስላሙ ግን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚወዳደር ካለ፣ ቋንቋውን የሚሰሙ ጠረጴዛዎች ከአምስቱ ውስጥ መኖራቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ካልተገኙ ለተወዳዳሪው በግልጽ ንገሩትና ራሱ ይወስን።

ሽልማቱ ትንሽ ይሁን። መጽሐፍ ጥሩ ነው። ገንዘብ ሲበዛ ጠብ ይመጣል።

መብራት ሲጠፋ አትበትኑ። ጄኔሬተር እስኪነሳ ሻማ አብሩና ያለ ማይክ ቀጥሉ። ትንሽ ቤት ምረጡ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ የሰው ድምፅ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሮች ይቀዘቅዛሉ፤ 55 ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ለዚያ ጊዜ ማታ የሚከፍት ካፌ ቀድማችሁ አነጋግሩ። ቀኑንና ሰዓቱን አትቀይሩ፤ ቤቱን ብቻ ቀይሩ። አዲሱን አድራሻ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት በማይክም በቴሌግራምም ማስታወቅ ጀምሩ።