የከተማ ሰው ገጠር ስትወስዱ ብሩ ገበሬው ቤት እንዲቀር

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሰራው፣ ቤተሰቦቼ ደግሞ ከወልቂጤ ወዲያ ገጠር እንሰት ላይ ናቸው። ቢሯችን ውስጥ በየሳምንቱ ክትፎ በቆጮ የሚበላ ሰው መዓት ነው፣ ቆጮው ከምን እንደሚወጣ ግን አንዳቸውም አይተው አያውቁም። እዛ ደግሞ ሙያው እጃቸው ላይ ያለ ብር ግን የሌላቸው አክስቶች አሉኝ። ሁለቱን ማገናኘት ነው በቃ። ፋርም ቱሪዝም ሲባል ሎጅ መገንባት የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም፣ ገበሬው የራሱን ሥራ እየሰራ እንግዳው መጥቶ ያያል፣ ይሞክራል፣ ይበላል፣ ከፍሎ ይሄዳል። አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ትችላላችሁ።

ከመኪናም ከፖስተርም በፊት የሚፈታው ነገር ዋጋ ነው። የኛ ገበሬ ከእንግዳ ብር መቀበል ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። የመጀመሪያ ጊዜ 9 ሰው ይዤ ስሄድ አክስቴ በግ አሳረደች፣ ለበዓል ያስቀመጠችውን ቅቤ አወጣች፣ ስንወጣ ብር ስሰጣት እጇን ወደኋላ አድርጋ "የልጄን ጓደኞች ላስከፍል?" አለችኝ። ተመልሼ ሳስበው ያቺ ቀን አክስቴን አከሰረቻት እንጂ አልጠቀመቻትም፣ እኛ ደስ ብሎን መጣን እሷ ግን በጓም ቅቤዋም ሄደ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱና ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። "እንግዳ አስከፍሉ" አትበሉ፣ "ገበያ ወስዳችሁ ቆጮ ስትሸጡ ታፍራላችሁ እንዴ? ይሄም የድካማችሁ ዋጋ ነው" በሏቸው፣ ይሄ ይገባቸዋል። ከዛ ምሳ ለአንድ ሰው ስንት፣ ቡና ስንት፣ ሥራ ማሳየት ስንት ተብሎ ደብተር ላይ ይጻፍ። ደብተሩን 12ኛ የጨረሰች የሰፈር ልጅ ትያዘው፣ እናንተ አትያዙት። ተጓዡን አዲስ አበባ እያላችሁ አስከፍሉና የምግቡን ግማሽ ቀድማችሁ ላኩ፣ ሽሮውም ቅቤውም በዱቤ እንዳይገዛ። ቀሪው እንግዳ ከሄደ በኋላ ይሰጥ፣ እንግዳ ፊት ብር መቁጠር ሁሉንም ያሳፍራል። ያበሰለችው ሴት ብር በራሷ ቴሌብር ይግባ፣ በባሏ ስልክ አይደለም፣ ስልክ ከሌላት በእጇ ስጧት።

ቀጥሎ ተራ ነው። አንድ ቤት ብቻ ሲጠቀም ጎረቤት ይቀየማል፣ እውነቱንም ነው፣ ምክንያቱም እንግዳው ፎቶ የሚነሳበት ጀፎረ የሁሉም ነው (ጀፎረ ማለት የጉራጌ መንደር መሀል የሚያልፈው ሳር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው፣ ሰርጉም ለቅሶውም እዛው ላይ ነው)። ወንጪ ላይ ገበሬዎቹ ማኅበር መሥርተው ፈረስ በተራ ያከራዩ ነበር፣ መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በተመድ የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ላሊበላ አካባቢ መቄት ላይም የእንግዳ ጎጆዎቹን ያስተዳድር የነበረው የአካባቢው ሰው ራሱ ነው። እኛ አሁን ዛሬ የነ እገሌ ቤት ምሳ ከሆነ ቡናው ሌላ ቤት ነው፣ በሚቀጥለው ይቀያየራል፣ ከእያንዳንዱ ተጓዥ ደግሞ ትንሽ ብር ለጋራ ይቀመጣል፣ ምንጭ ለማጠር ለትምህርት ቤት ዴስክ ምናምን፣ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ቀኑን ደግሞ በናንተ ካሌንደር ሳይሆን በእርሻው አስሉት። ጤፍ አብቃይ ጋ ከሆነ፣ አድኣም በሉት በቾ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ። ማር ላላቸው አበባው ካለፈ በኋላ ጥቅምት ኅዳር ነው። እኛ ጋ ሴቶቹ ተሰብስበው እንሰት የሚፍቁበትን ቀን ጠይቄ ነው የምይዘው። ለመስቀል ግን በፍጹም አትውሰዱ፣ ቤቱ በራሱ ልጆች ሞልቷል።

ያን ቀን ማየት ነው እንግዲህ። አክስቴ ዘንበል ያለ ሳንቃ ፊት ቁጭ ትልና አንድ እግሯን አንስታ የእንሰቱን ልጥ በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትይዘዋለች፣ ከዛ በቀርከሃ መፋቂያ ወደታች ጭርርር። ነጩ ፈሳሽ ይወርዳል፣ እሱ ተጠራቅሞ ሲረጋ ቡላ ነው፣ የተፋቀው ደግሞ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ገብቶ ለወራት ይብላላል፣ ቃጫው ለገመድ ይቀራል። አንዷ የቢሯችን አካውንታንት ልሞክር ብላ እግሯን እንዴት እንደምታነሳ ጠፍቷት ነጭ ስኒከሯ በፈሳሹ ራሰ፣ አክስቴ እጇን ይዛ አሳየቻት፣ ልጅቷ ሁለት ልጥ ፍቃ ስትጨርስ ክንዷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያቺ እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት እንደሚፈጅባት የነገርናት ከዛ በኋላ ነው። ስለ ቆጮ ዋጋ ተከራክራ አታውቅም ከዛን ቀን ወዲህ።

ለዚህ ነው እርሻው እንዳይቆም የምለው። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1985 ለእንዲህ ዓይነቱ መስተንግዶ ሕግ ሲያወጡ ዋናው ሥራ እርሻው ሆኖ እንግዳው ተጨማሪ እንዲሆን ነው ያሰሩት። እኛ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ አንወስድም፣ ዝናብ ሲጠፋም መንገድ ሲዘጋም የሚያበላቸው እንሰቱ ነው።

ብር ካላችሁ መጀመሪያ ሽንት ቤት ላይ አውጡት። የከተማ ሰው ከመኪና ሲወርድ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ የተደፈነ ወለል፣ የሚዘጋ በር፣ ክዳን፣ ውጪ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና፣ በቃ ይሄ ይበቃል፣ እናንተ ስትሄዱም ለቤቱ ይቀራል። ቀበሌውንም ወረዳውንም ቀድማችሁ አሳውቁ፣ የመንገዱን ሰላም ዋዜማውን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ካላላችሁ ሰርዙና ብራቸውን መልሱ።

መነሻችን መስቀል አደባባይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ከዛ ከዘገያችሁ ጦር ኃይሎችና አየር ጤና ላይ ትቆማላችሁ። ቁርስ ወሊሶ። መኪና ውስጥ ሦስት ነገር እናገራለሁ፣ ፎቶ ጠይቃችሁ አንሱ፣ ለሕጻናት ከረሜላም ብርም አትስጡ (አንዴ ከለመዱ ከትምህርት ቤት ቀርተው መኪና ይጠብቃሉ፣ አይቻለሁ)፣ የጾም ቀን ከሆነ ሥጋ አትጠይቁ።

ስትመለሱ ለሽያጭ ቦታ ተዉ። ከምሳው ይልቅ የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ቡላ፣ ቆጮ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ በኪሎ ዋጋው ቀድሞ ተነግሮ። የዛች አካውንታንት እናት አሁን በየወሩ ቡላ ያዛሉ፣ ከአክስቴ ጋር ስልክ ተቀያይረው ራሳቸው ይደዋወላሉ፣ እኔ መሀል የለሁበትም፣ ዋጋ እንኳን የምሰማው አክስቴ ስትነግረኝ ነው።

ሰኞ ደግሞ ደውሉ። እንግዶቹ ምን እንዳሉ ከመንገራችሁ በፊት ስንት እንዳወጡ ስንት እንደተረፋቸው ጠይቁ፣ ደብተሩ ይነበብላችሁ። ያልተቆጠረ እንጨት ወይም ውኃ የቀዳች ልጅ ድካም ካለ የሚቀጥለው ጉዞ ዋጋ ላይ ይጨመራል።