ፋይሉ እያለ «የለም» የሚል ተርሚናል፦ ችግርና መፍትሄ

ፋይሉ ዓይናችሁ ስር ነው። ዊንዶውስ ላይ በጊት ባሽ (ጊት ከሚባለው የፋይል ለውጥ መመዝገቢያ ጋር በሚመጣው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ተርሚናል) ስትጠሩት ግን የለም ይላችኋል። ፕሮግራሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ሼሉን (ትእዛዝ ተቀባዩን፤ እዚህ ባሽ የሚባለውን) ጠርጥሩ። የጻፋችሁትን መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው፣ የሚቆራርጠውም እሱ ነው፣ ፕሮግራሙ ጋ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። (ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ ስትተይቡ በላቲን ነው።)

አድራሻው ተጣብቆ ይታያል
ሲ:\ስራ\ውል ብላችሁ ሰጣችሁት፣ የስህተት መልእክቱ ላይ ሲ:ስራውል ሆኖ መጣ። ትእዛዙን በ«ኤኮ» (የሰጣችሁትን መልሶ በሚያሳየው ትእዛዝ) ብትተኩት ያንኑ ታያላችሁ። ባሽ ዘንድ \ ፎልደር መለያ አይደለም፤ «ቀጥሎ ያለውን ፊደል እንዳለ ውሰደው» የሚል ምልክት ነው፣ ስራውን ሲጨርስም ይጠፋል። ዊንዶውስ \ን የወረሰው ከኤምኤስ-ዶስ ነው፤ በ1983 ፎልደር ሲመጣለት / ለትእዛዝ አማራጮች ተይዞ ነበር። አድራሻውን በነጠላ ጥቅስ ክበቡት፣ ወይም በ/ ጻፉት፦ /ሲ/ስራ/ውል። ደብልዩኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ላይ ከሆናችሁ ሲ ድራይቭ ያለው /ኤምኤንቲ/ሲ ስር ነው፣ ሲግዊን (ሊኑክስ መሰል ትእዛዞችን ለዊንዶውስ የሚያቀርበው) ላይ /ሲግድራይቭ/ሲ። በእጅ መቀየር ከሰለቻችሁ «ደብልዩኤስኤልፓዝ» እና «ሲግፓዝ» ይቀይሩላችኋል።

ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ
በጣም የምፈራው ይሄን ነው። «ውል አሮጌ» የሚባል ፎልደር ልታጠፉ ያለ ጥቅስ አርኤም -አር ውል አሮጌ ብትሉ ሼሉ ሁለት ስም ይቆጥራል፣ ጎን ለጎን «ውል» የሚባል ሌላ ፎልደር ካለ እሱን ከነሙሉ ይዘቱ ያጠፋዋል፣ ከዚያ «አሮጌ» የሚባል የለም ብሎ ያማርራል፣ እናንተ የምታነቡት ግን ያቺን ቅሬታ ብቻ ነው። ሪሳይክል ቢን ውስጥም አይገኝም። ሁሌ ጥቅስ ተጠቀሙ፣ ወይም የስሙን መጀመሪያ ጽፋችሁ ታብ ተጫኑ፣ ቀሪውን ራሱ በትክክል ይሞላዋል። ስክሪፕት ውስጥም ተለዋዋጩን (የፋይሉን ስም የያዘውን) "$ፋይል" ብላችሁ በድርብ ጥቅስ ጻፉ። ~ ግን ጥቅስ ውስጥ ከገባች የቤት ፎልደራችሁ መሆኗ ይቀራል፤ ~/"ውል አሮጌ" በሉ።

ያልጻፋችሁት አድራሻ ተጨምሮ ይመጣል
ለዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ለይቶ ለሚያስኬደው) /አፕ ስትሉ ጊት የተጫነበት ፎልደር ስም ከፊቱ ይለጠፍበታል። ጊት ባሽ ለዊንዶውስ ፕሮግራም አድራሻ ሲያቀብል ስለሚተረጉም ነው። //አፕ በሉት፣ ወይም ከትእዛዙ ፊት ኤምሲስ_ኖ_ፓዝኮንቭ=1 አስቀድሙ (ሁሉም በትልልቅ ፊደል፤ «ኤምሲስ» የሚጻፈው ኤም-ኤስ-ዋይ-ኤስ ተብሎ ነው)።

የአማርኛው ስም ቁጥር ሆነ
«ጊት ስታተስ» (የተለወጡ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) ስትሉ በ\341\210 የሚጀምር ረጅም የቁጥር ሰልፍ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፣ ጊት ደግሞ ከእንግሊዝኛው ፊደል ውጭ ያለውን እያንዳንዱን ባይት በቁጥር ያሳያል። ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ በሉትና («ኮት» ጥቅስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው) ስሙ በአማርኛ ይነበባል።