ፎርሙ «ስምዎ ከፓስፖርትዎ ጋር አይመሳሰልም» እያለ ሲመልስብኝ ያገኘሁት መፍትሔ

ጀርመን ሄጄ አንድ ሴሚስተር ለመማር ኦንላይን ፎርም እየሞላሁ ነበር። «ላክ» የሚለውን በተጫንኩ ቁጥር «ስምዎ ከፓስፖርትዎ ጋር አይመሳሰልም» እያለ ይመልስብኛል። ስድስት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የፎቶው ጥራት መሰለኝ። አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ሄጄ ስካን አስደረግኩት። ያው ነው። ብሮውዘር ቀየርኩ፤ ስፔሊንጉን ፊደል በፊደል አየሁ። ምንም ስህተት የለውም።

ጣጣው «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ነበር። እኛ ጋ እንዲህ የሚባል ስም የለም፤ ስለዚህ የአባቴን ስም ጻፍኩ። የለመድነው እሱን ነዋ።

መልሱ ያለው ፓስፖርቱ ላይ፣ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ነው። እዚያ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። በላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ የመጠሪያ ስም። የእኔ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተቀመጠው የአያቴ ስም ነው! የራሴንና የአባቴን ስም አንድ ላይ መጠሪያ ስም ሳጥን ውስጥ፣ የአያቴን ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ አስገባሁ። ወዲያው አለፈ።

የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡም በዚሁ አጻጻፍ ሂዱ።