በአማርኛ «ከሁሉም የሚበልጥ» ለማለት ምን እናድርግ?

እንግሊዝኛ አጭር ቅጽል ጭራ ላይ «ኤስት» ይለጥፍና ይገላገላል፣ አማርኛ ግን እንደዛ የሚለጠፍ ነገር ስለሌለው ዞር ብለን ነው የምንመጣው። ዋናው መንገድ «ከ... ሁሉ» ነው፣ መጀመሪያ ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ትናገሩና ቅጽሉን «ረጅሙ» «ትልቋ» «ጠንካራው» እያላችሁ ትቆልፉታላችሁ። «ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ራስ ዳሸን ነው»፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው እኮ! «ሁሉ» ቢቀርም «በኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ» ካላችሁ በቂ ነው፣ «ረጅም»ን «ረጅሙ» ያደረገችው «ኡ» ብቻዋን ትሸከመዋለች።

«በጣም» ላይ ግን ተጠንቀቁ። «በጣም ረጅም ተራራ» ሲባል የሚበልጠው የለም ማለት አይደለም፣ ረጅም መሆኑን ነው ያጋነናችሁት። «በጣም ረጅሙ» የሚለው ደግሞ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ይሸታል፣ እኔን በበኩሌ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

ከግዕዝ የወረስነውም አለ፣ ያንኑ ቃል በብዙ ቁጥር ደግሞ ማዛረፍ፣ ማለትም ሁለቱን እንደ «የ...» ማያያዝ፦ ንጉሠ ነገሥት (የነገሥታት ንጉሥ)፣ ቅድስተ ቅዱሳን። ዕብራይስጥም እንዲሁ ያደርጋል። ዛሬ በዚህ መልክ አዲስ ቃል ብትፈጥሩ ግን ሰው ይስቅባችኋል።

ቤት ውስጥ ማን ይሄን ሁሉ ያስባል፣ «እሷን የሚያህል ባለሙያ የት አለ!» ይባላል አለቀ። ወጣቱ ደግሞ «የመጨረሻ ይጥማል» ይላል፣ ዶሮ ወጥ ላይ ያምራል፣ ግን ስለ ልጃችሁ ለአያቱ «የመጨረሻ ተማሪ ነው» ብላችሁ እንዳትደውሉ፣ ከክፍሉ ጭራ የወጣ ነው የሚመስላቸው።