ከቪኤምዌር ወደ ፕሮክስሞክስ የዞረ ሰርቨር አልነሳ ሲል

ቅዳሜ ማታ ነው። ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ የጅምላ ሱቅ ሰርቨር ከቪኤምዌር ወደ ፕሮክስሞክስ አዙሬ ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን ተደቀነብኝ። (ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሰራ ኮምፒውተር፣ የሚያስኬዱ ናቸው።) ሰኞ ገበያ ነው፣ ከየገጠሩ ነጋዴ የሚመጣበት ቀን፤ ስቶኩም ሂሳቡም ያለው እዚህ ማሽን ላይ ነው። ብሮድኮም በ2023 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቪኤምዌርን ገዝቶ ላይሰንሱን በኪራይ ብቻ ካደረገው ወዲህ ብዙ ሰው እያዞረ ስለሆነ፣ አንተም እዚሁ ላይ ተይዘህ ይሆናል። አብሽር። አብዛኛውን ጊዜ ዳታው አልጠፋም፣ ማሽኑ አዲሱን ሃርድዌር አላወቀውም እንጂ።

ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ደጋግሞ ሪስታርት ሲያደርግ

«ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ይላል፣ የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ማለቱ ነው። ምክንያቱ የዲስክ ድራይቨር ነው። ፕሮክስሞክስ ላይ ዲስኩን በቨርትአይኦ ስካዚ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሰራ ፈጣን የዲስክ ማገናኛ) አገናኝተኸዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ይህ ድራይቨር አብሮት አይመጣም። ዲስኩ እፊቱ ተቀምጦ አያየውም።

ማሽኑን አጥፋ። ፕሮክስሞክስ ላይ የማሽኑ ሃርድዌር ገጽ ውስጥ ዲስኩን ዲታች አድርግና ሳታ (ዊንዶውስ በራሱ የሚያውቀው ማገናኛ) ብለህ መልሰው። ሲነቀል ከቡት ኦርደር (ማሽኑ የሚነሳባቸው ዲስኮች ዝርዝር) ስለሚወጣ ኦፕሽንስ ገብተህ እንደገና ቲክ አድርገው፤ እኔ ይህን ረስቼ ግማሽ ሰዓት አቃጥያለሁ። አሁን ይነሳል። ከዚያ 1 ጊጋ ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ ስካዚ ጨምርለት፣ የቨርትአይኦ አይኤስኦውን በሲዲ አስገባና ድራይቨሮቹን ጫን። ትንሿን ዲስክ አትዝለላት። ዊንዶውስ ኮንትሮለሩን አግኝቶ ድራይቨሩን ከቡት ጀምሮ እንዲያነሳው የምታደርገው እሷ ናት። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ከታየችህ ማሽኑን አጥፋ፣ እሷን አውጣ፣ ዋናውን ወደ ስካዚ መልስ፣ ቡት ኦርደሩንም እንደገና።

ሳታ ላይ ብተወውስ? ይሰራል። ዳታቤዝ ካለበት ግን ሲንቀራፈፍ ይሰማሃል።

ሊኑክስ ኢመርጀንሲ ሼል ውስጥ ሲቆም

ያው በሽታ ነው። እነ ሴንትኦኤስና ሮኪ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን የድራይቨር ጥቅል) የሚሰሩት ለነበሩበት ሃርድዌር ብቻ ነው። ግረብ (ሲነሳ የሚመጣው የከርነል መምረጫ) ላይ ሬስክዩ የሚለውን ከርነል ምረጥ፣ እሱ ሁሉንም ድራይቨር ይዟል፤ ገብተህ ድራከት በሚለው ትዕዛዝ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ስራው።

«ቡት የሚሆን ዲስክ የለም» ሲል

ቡት ኦርደሩ ልክ ከሆነ ሃርድዌር ገጹ ላይ ባዮስ የሚለውን እይ። የድሮው ማሽን በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ይነሳ ከነበረ እዚህም ኦቪኤምኤፍ ምረጥለት፣ በባዮስ (በድሮው ዘዴ) ከነበረ ሲባዮስ። በቃ።

ተነስቶ ኔትወርክ ከሌለው

ሊኑክስ ላይ የካርዱ ስም ተቀይሯል። ኢኤንኤስ192 የነበረው አሁን ኢኤንኤስ18 ሊሆን ይችላል፤ ኡቡንቱ ከሆነ ኔትፕላን በሚባለው የኔትወርክ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ስሙን አስተካክል። ዊንዶውስ ላይ አይፒውን ስትሰጠው «ለሌላ አዳፕተር ተሰጥቷል» ካለህ የድሮው ካርድ ተደብቆ አለ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የተደበቁትን አሳይ በልና አንኢንስቶል አድርገው። ቪኤምዌር ቱልስን (ቪኤምዌር ማሽኑ ውስጥ የሚጫን የድራይቨር ጥቅል) ደግሞ ሳታዞር በፊት አውጣው፣ ከዞረ በኋላ አልወጣም ብሎ ያደርቅሃል።

ዲስኩ ዞሮ ውስጡ ሲጎድል

ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ) ነው፤ ካለ አዲሱ ዳታ የሚጻፈው ዴልታ ፋይል ላይ ስለሆነ፣ ፍላቱን (ዋናውን የዲስክ ፋይል) ብቻ የገለበጠ ሰው የሚያገኘው የድሮውን ነው። አዲሱ ዳታ ወደ ፍላቱ እንዲገባ መጀመሪያ ቪኤምዌር ላይ ስናፕሾቶቹን አጥፋ፣ ከዚያ ገልብጥ። ሁለተኛው መብራት ነው። 200 ጊጋ ዲስክ በ100 ሜጋቢት ስዊች ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በዚህ መሃል መብራት ቢሄድ ግማሽ ፋይል ታቅፈህ ትቀራለህ። የጊጋቢት ስዊች ተዋስ፣ ስዊቹንም ዩፒኤስ ላይ ሰካው (እኛ ሰርቨሩን ብቻ ሰክተን ስዊቹን ረስተናል)፣ ሲያልቅ የዋናውንና የቅጂውን ፋይል ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) አመሳክር።

የድሮውን ማሽን ቶሎ አታጥፋው፣ ቢያንስ የወር ሂሳብ እስኪዘጋ ይቆይ። ግን አውቶስታርቱን ዝጋ፣ የኔትወርክ ካርዱንም ንቀልለት። እኛ ሳንዘጋው መብራት ሄዶ ሲመጣ እሱም አብሮ ተነሳ፣ ሁለቱ አንድ አይፒ ይዘው፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ሽያጭ ግማሹ አዲሱ ላይ ግማሹ አሮጌው ላይ ተመዘገበ። ካሸሯ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እያነበበችልኝ ስንመልሰው አመሸን።